ውሃ ገንዳ «ሐውልት» ይባላል?

ዘበርሊን፦
ቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እሑድ ከአገር ቤት የመጡ አክስቴን የበርሊኑ ቲየርጋርተን መናፈሻ ወስጃቸው ነበር፣ ከራይሽስታግ (ከጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ) አጠገብ። ናዚዎች ለፈጇቸው ሲንቲና ሮማ ለሚባሉት የአውሮፓ ሕዝቦች በ2012 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ቦታ ነው። «ሐውልቱ ይኸውልዎ እትዬ» ብላቸው ዞር ዞር ብለው «የቱ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያለው ክብ ጥቁር የውሃ ገንዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋይ አለ። ድንጋዩ በየቀኑ ወደ ታች ይወርድና ላዩ ላይ ያለው አበባ ተቀይሮለት ይወጣል። ለማኅበራችን የጉብኝት ወረቀት እየጻፍኩ ነው። «ሐውልት» ልበል?

ወልደ ቅኔ፦
በፍጹም! ሐውልት የቆመ ነው። ያዕቆብ በቤቴል ድንጋይ አቁሞ ነው ሐውልት ያደረገው። የሎጥ ሚስትም የጨው ሐውልት ሆና የቀረችው እንደቆመች ነው። የተኛ ውሃ ከየት ያመጣዋል? «ተዝካር» በለው፣ ከዘከረ።

አራዳው፦
ተዝካር ካልክማ ሰው ንፍሮና ጠላ ፍለጋ ነው የሚመጣው 😂

ወለተ ሐና፦
ተዝካር ቀን ነው እንጂ ቦታ አይደለም። ኦሽዊትዝ ቢርከናው በተባለው የናዚ ማጎሪያ የቀሩትን ከ4,000 በላይ ሮማዎች በጋዝ የጨረሷቸው በ1944 ኦገስት 2 ሌሊት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 26። እሱን ሙት ዓመት በሉት። ቦታው «መታሰቢያ» ነው። «ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ» የሚለውን አማርኛው «የጻድቅ መታሰቢያ» ብሎት የለ? ደግሞ ሐሰበ በግዕዝ «ቆጠረ»ም ነው፣ ሂሳብም ከዚያው። ስለዚህ መታሰቢያ ማለት መቆጠሪያ ነው! ሮማዎቹ እስከ 500,000 ይደርሳሉ ይባላል እንጂ ማን በወጉ ቆጠራቸው? ምዕራብ ጀርመን እንኳ የዘር ማጥፋት መሆኑን በይፋ ያመነችው በ1982 ነው።

ወልደ ቅኔ፦
እኅቴ፣ ሂሳብ በዐረብኛ በኩል የገባ ቃል ነው። እኔ ቅኔ ቤት ስገባ አንቺ ገና አልተወለድሽም።

ወለተ ሐና፦
በየትም ይግባ፣ ሥሩ አንድ ነው። ዕድሜ ሰዋስው አይሆንም አባቴ።

ድንቄም፦
«ጂፕሲ» ብትለውስ? ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ዘበርሊን፦
ተው እንጂ! ጂፕሲ «ግብፃዊ» ከሚለው የመጣ ነው፣ እነሱ ደግሞ መነሻቸው ሕንድ ነው። የጀርመኑ «ጺጎይነር»ማ ጭራሽ ስድብ ነው፤ ናዚዎች እስረኞቹን የመዘገቡበት ቃል እሱ ነው።

ድንቄም፦
ቆይ፣ ታዲያ ጂፕሲና ግብፅ ሥራቸው አንድ ነው ማለት ነው?!

ወልደ ቅኔ፦
ሁለቱም ከጽርዕ፣ ከግሪክኛ ማለት ነው፣ የመጡ ናቸው። ይህን ራሱን በቻለ ርዕስ ክፈቱት፣ ብዙ የምለው አለኝ።

ዘበርሊን፦
ኧረ ወረቀቱ ነገ ይታተማል! «ድንጋዩ ሰምጦ አዲስ አበባ ይዞ ይወጣል» ብዬ ነበር፤ እትዬ አንብበው «ከተማችንን ምን አደረጋት?» አሉኝ።

ወልደ ቅኔ፦
ኅብር ነው፣ አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ። እንዳትነካው።