ቢሾፍቱ ላይ የመዋኛ ገንዳ ለምታሠሩ፦ ከሁለት ግንባታ የተገኘ ጥቆማ

እናቴ ግቢ ውስጥ ያሠራነው ገንዳ ሦስተኛ ክረምቱን ያለ አንድ ስንጥቅ አለፈ። ይህን ለመጻፍ እሱን ስጠብቅ ነበር። ምክንያቱም እዚያው ቦታ ላይ ከእሱ በፊት ሌላ ገንዳ ነበረን። በ2013 ዓ.ም. ተሠርቶ በ2014 ክረምት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። የምጠቁማችሁ ነገር ሁሉ ከነዚህ ሁለት ገንዳዎች የተማርኩት ነው።

"ለቤት ፑል ማንን ትመክረኛለህ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የድርጅት ስም ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አፈሩ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ሰፈርና ሰፈር ይለያያል። ወደ ሆራና ባቦጋያ ጠርዝ ስትጠጉ ሬድ አሽ የምንለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ታገኛላችሁ። ውሃ አያቁርም፣ አያብጥም። ወደ ሜዳው ስትወጡ ግን መረሬ ነው፣ ያ ጤፍ የሚወደው ጥቁር አፈር። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ቤት የሠራችሁ ይህን አፈር በደንብ ታውቁታላችሁ።

የእኛ ግቢ መረሬ ነው። የመጀመሪያው ተቋራጭ ይህን እያየ ግድግዳውን በብሎኬት ገነባው። በየመሐሉ ቀጭን ኮለን አቆመ፣ ከላይ ለሰነ፣ ሰማያዊ ሴራሚክ ለጠፈ። ሲመረቅ በጣም ያምር ነበር። ሐምሌ ላይ አፈሩ አብጦ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ገፋው። መስከረም ላይ ውሃው በቀን አራት ጣት ይጎድል ጀመር። ስንደውልለት "ሴራሚኩን ነቅለን እናድሰው" አለን። ችግሩ ሴራሚኩ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ፣ ለዲዛይን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩና ስትራክቸራል ኢንጂነር አምጥታችሁ አሳዩ። የምትከፍሉት ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። እኛ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ከገንዳው ወለል በታች ተጨማሪ አንድ ሜትር መረሬ አስወጣን። በቦታው ገረጋንቲ አስገባን፣ በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እየጠጣ በኮምፓክተር ተደቀደቀ። ዙሪያውን ደግሞ የዝናብ ውሃ ወደ ገንዳው ጎን እንዳይሰርግ ማስወገጃ ቱቦ ቀበርን። አሁን ያ ሥራ ከላይ አይታይም፤ ገንዳውን ያቆመው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ለቤት የሚሆኑ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የአርማታ ገንዳ ነው። እኔ የመረጥኩት እሱን ነው። የፈለጋችሁትን ቅርጽ ትሰጡታላችሁ፣ ባለሙያውም ዕቃውም አገር ውስጥ አለ። የእኛ 8 በ4 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ ከ1.20 ተነስቶ 1.60 ይደርሳል። ኢንጂነራችን ያዘዘው ሲ-30 የሚባለውን የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት፣ 25 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ ባለ 12 ፌሮ በየ15 ሳንቲሜትሩ፣ ከውስጥም ከውጭም ድርብ። እናንተ ይህን ቁጥር ቀድታችሁ አትጠቀሙ፣ አፈራችሁ የሚለውን ኢንጂነሩ ይንገራችሁ።

ሁለተኛው በላይነር የሚለበስ ገንዳ ነው። ግድግዳው ተሠርቶ ውስጡ በወፍራም ፒቪሲ ሸራ ይሸፈናል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፣ እኔ ግን መረሬ ላይ ላለና በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው ከልቤ እጠቁመዋለሁ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቢያወጣ እንኳ ሸራው ይዞ ያቆየዋል። ቢቀደድ ይጠገናል። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይቀየራል። ባለሙያ የት ይገኛል ካላችሁ፣ የአበባ እርሻዎች የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙባቸው ትልልቅ ኩሬዎች ጂኦሜምብሬን በሚባል ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ሸራ ነው የሚለበሱት። ያንን የሚበይዱ ልጆች እጃቸው የተፈታ ነው። ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ሆለታ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ የምታውቁ ካላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ተሠርቶ የሚመጣ ፋይበርግላስ ነው። ውጭ አገር ቶሎ የሚያልቅና ልስላሴው የሚወደድ ነገር ነው። ችግሩ ማጓጓዣው ነው። የመደበኛ ኮንቴይነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ደህና ስፋት ያለው ገንዳ አይገባበትም። በልዩ ጭነት ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ዋጋውን ይሰቅለዋል። ለዚህ ብዬ አልመከርኩትም።

ማን ይሥራው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘብ የሚበላሸው እዚህ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃውን አስመጥተው፣ ሠርተው፣ ሞልተው የሚያስረክቡ የፑል ድርጅቶች አሉ። በቧንቧውና በማሽኑ ሥራ ጎበዞች ናቸው። ኮንክሪቱን ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው በእጅ ዋጋ ይሰጡታል። ጠቅላላ ተቋራጭ ደግሞ ኮንክሪቱን ይችላል፣ ግን ስኪመር (የገንዳውን የላይ ውሃ የሚስበው አፍ) እና ሪተርን (የተጣራው ውሃ የሚመለስበት አፍ) የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። እኛ ሥራውን ከፈልነው። ዲዛይኑ በኢንጂነር፣ ኮንክሪቱ የውሃ ታንከር ሠርቶ በሚያውቅ ተቋራጭ፣ ቧንቧና ማሽኑ በፑል ድርጅት። አንድ ነገር ብቻ በጽሑፍ ያዙ፦ የፑል ድርጅቱ ሰው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት መጥቶ እያንዳንዱን ቱቦ አይቶ ይፈርም። አለዚያ ውሃ ሲያፈስ አንዱ በሌላው ያሳብባል።

ተቋራጭ ስትመርጡ ፎቶ አትዩ። ሦስት ዓመት ያለፈው ሥራ አሳየኝ በሉት። ከሁሉም የሚበልጠው ምክር ግን ከሆቴል ነው የመጣልኝ። ቢሾፍቱ ውስጥ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ብዙ ናቸው። በማለዳ ሄዳችሁ ገንዳውን የሚያጸዳውን ሰው ሻይ ጋብዙት። ማን እንደሠራው፣ የትኛው ፓምፕ ቶሎ እንደሚቃጠል፣ መለዋወጫ ማን ጋ እንደሚገኝ ጥርት አድርጎ ይነግራችኋል። የሚሸጥላችሁ ነገር ስለሌለው ነው እውነቱን የሚናገረው።

ስለ ሲሚንቶ "ዳንጎቴ፣ ደርባ ወይስ ሙገር?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሦስቱም ይሠራሉ። ለገንዳው ኮንክሪት ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) መሆኑንና ጆንያው ቆይቶ ያልጠጠረ መሆኑን እዩ። ከብራንዱ ይልቅ አሸዋው ያሳስባችሁ። የላንጋኖም ይሁን የመተሃራ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ውሃ አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁና አሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ። ወለልና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ ዋተርስቶፕ የሚባለው የጎማ ጥብጣብ መግባቱን ቆማችሁ ተመልከቱ። ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ አየሩን የሚያስወጣው ቫይብሬተር ከሌለ ሥራው አይጀመር። ከዚያ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። እኛ ጆንያ አልብሰን ጠዋትና ማታ ለአሥራ አራት ቀን አጠጣነው። ይህን ያደረገችው እናቴ ናት፣ አንድም ቀን አላጓደለችም።

ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳውን ሞልታችሁ ሞክሩት። ባልዲ በውሃ ሞልታችሁ ደረጃው ላይ አስቀምጡ። የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ ልክ ምልክት አድርጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። እኛ ጋ አንድ የመብራት ቱቦ ዙሪያ አገኘን። ያን ጊዜ መድፈኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እኛ ከዚያ በኋላ የሲካን የውሃ መከላከያ ሁለት እጅ ቀባን።

ለመልበሻው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ አትግዙ። ውሃ ይመጥጣል፣ ውሎ አድሮ ይረግፋል። ፖርስሊን ወይም የመስታወት ሞዛይክ ይሁን። ለጠርዙ እብነ በረድ የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፣ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት ልክ) የምናስተካክልበት አሲድም ይበላዋል። የአምቦ ድንጋይ ግቢ ላይ ደስ ይላል፣ ገንዳው አፍ ላይ ግን ለስላሳ ስለሆነ ይሸራረፋል። እኛ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ፊቱ ሻካራ ሆኖ የተጠረበ አደረግን። በባዶ እግር ፀሐይ ላይ ትንሽ ይፋጃል እንጂ ሌላ እንከን አላየሁበትም።

ማሽን። ገንዳችን ወደ 45 ሺህ ሊትር ይይዛል። ይህ ሁሉ ውሃ በስድስት ሰዓት አንዴ በማጣሪያው እንዲያልፍ በሰዓት 7,500 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ይበቃል። ሻጭ "ትልቁን ውሰድ" ይላችኋል። ትልቁ መብራት ይበላል፣ ማጣሪያውንም ያስጨንቀዋል። ፓምፑ ይነስ፣ የአሸዋ ማጣሪያው ይተልቅ። የእኛ ማጣሪያ ባለ 600 ሚሊሜትር ነው። ማሽኑ አስትራልፑል ነው፣ እስካሁን አላስቸገረኝም። የቻይናዎቹም እንደ ኢማክስ ያሉት ለቤት ይሆናሉ። ብራንድ ከመምረጣችሁ በፊት አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ዞር ዞር በሉና "የዚህ ፓምፕ ሲል አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሲል ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ቀለበት ነው፤ እሱ ከሌለ ፓምፑን አትግዙ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ የውጭ ዕቃ ዋጋ በጣም ተንሯል። ለዚህ ነው እዚህ ዋጋ ያልጻፍኩት። ፕሮፎርማ ስትቀበሉም ለስንት ቀን እንደሚጸና ይጻፍበት።

ውሃውን በቦቴ ነው የሞላነው፣ 10 ሺህ የምትይዘዋ አምስት ጊዜ ተመላለሰች። ከዚያ በኋላ ዋናው ቁጠባ መሸፈኛ ነው። በጋ ላይ በቀን ግማሽ ሳንቲሜትር ቢተን ለእኛ ስፋት በወር 4,800 ሊትር ነው። መሸፈኛው አብዛኛውን ያስቀራል። ሙቀቱንም ይይዛል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ለማሞቅ እኛ ጥቁር ፖሊ ቱቦ ጣሪያ ላይ ጠምጥመን ውሃውን በዚያ እናሳልፈዋለን። ቱቦው አገር ውስጥ ይመረታል፣ መብራት የሚበላው ፓምፑ ብቻ ነው። የቱቦው ስፋት ቢያንስ የገንዳውን ግማሽ ይሸፍን።

ክሎሪን በጥራጥሬ የሚሸጠው ይሻለኛል፣ ማታ ማታ ነው የምንጨምረው፣ ቀን የጨመሩትን ፀሐይ ይጨርሰዋል። ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም። መለኪያ ኪት ሳይገዙ ገንዳ መያዝ በጨለማ መሄድ ነው። አደራ የምለው፣ ጥራጥሬውንና ጽላቱን በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉ፣ በአንድ ማንኪያም አትጨልፉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ገንዳውን ባዶ አታድርጉት፣ ከሥር ያለው ውሃ ባዶ ገንዳን ያነሳዋል።

አጥር ሳይታጠር ውሃ አይሞላ። ቁመቱ 1.20 ሜትር፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ፣ መቆለፊያው ሕፃን የማይደርስበት። እኛ ቤት ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉ። ለጣሪያ ቱቦው ወጪ ስንከራከር ቆይተናል፣ ለአጥሩ ግን ማንም አልተከራከረም። የፓምፑ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ፣ የውሃ ውስጥ መብራቱም ባለ 12 ቮልት ይሁን። ይህን ኤሌክትሪሺያኑ "አያስፈልግም" ቢላችሁ ኤሌክትሪሺያኑን ቀይሩ።

አሁን እኔ የምፈልገው ጥቆማ አለ። ገንዳውን ወደ ጨው ሲስተም፣ ማለትም ጨው ከገባበት ውሃ ራሱ ክሎሪን ወደሚያመርተው ማሽን፣ ልቀይረው እያሰብኩ ነው። ለእኛ መጠን 150 ኪሎ ገደማ ጨው ይጠይቃል፣ አዮዲን የሌለበት የአፍዴራ ጨው በኩንታል የምታገኙበትን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ላይ ይህን ሲስተም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የተጠቀመ ሰው ካለ ደግሞ ክሎሪኑን የሚያመርተው ሴል መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር እንዴት እንደያዘለት ቢያጫውተኝ ደስ ይለኛል።