የሰው ሕመም ሰውነቴ ላይ ይሰማኛል፤ «ሚረር ኒውሮን» ስለበዛብኝ ነው?

የገርጂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ እንጀራ ስትጋግር የእጇ ጀርባ ምጣዱን ነካው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እሷ ገና «ውይ!» ሳትል እጄን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩት። እውነት እላችኋለሁ፣ የኔን እጅ አቃጠለኝ። እሷ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሳበት መጋገሯን ቀጠለች። እኔ ግን እስከ ማታ ልቤ ሲመታ ዋለ።

ድሮም ሆደ ቡቡ ነኝ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ሟቹን ባላውቀውም ከቤተሰቡ እኩል አለቅሳለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ባሰብኝ። ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ከተቋጠረ «ምን አድርጌው ይሆን?» እላለሁ። አለቃዬ ዝም ካለች እንቅልፍ አይወስደኝም። ሐኪም ጋ ሄጄ «ጭንቀት አለብሽ» ተብዬ ነበር፤ ክትትሉን ግን አቋረጥኩት።

ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንጎላችን ውስጥ የሌላውን ስሜት የሚገለብጡ ሚረር ኒውሮን የሚባሉ ሴሎች አሉ ይላል። ጭንቀት ያለበት ሰው ላይ ከልክ በላይ ይሠራሉ፣ ድባቴ ያለበት ላይ ደግሞ ይሞታሉ ይላል። እውነት ነው? ምርመራስ አለው? ከሰው መራቅ ጀምሬያለሁ፤ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ከጅማ፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ቪዲዮው ከእውነት ተነስቶ ሩቅ ሄዷል።

ሴሎቹ የተገኙት ጣሊያን ውስጥ ፓርማ ከተማ ነው። ጃኮሞ ሪዞላቲ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጦጣ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው የእጅ እንቅስቃሴን ያጠኑ ነበር። ጦጣው ዕቃ ሲያነሳ የሚነቃው ሴል፣ ተመራማሪው ሲያነሳ ጦጣው ቁጭ ብሎ ሲያይም ነቃ። ይህን በ1992 ጻፉት፤ ሚረር ኒውሮን የሚለው ስም የመጣው በ1996 ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ነው።)

ልብ በይ፣ ነገሩ የጀመረው ስለ እንቅስቃሴ ነው። ስለ ሐዘንና ስለ ፍርሃት አልነበረም። በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ደግሞ ሽቦ አይገባም። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሽቦ የገባላቸውን 21 ሰዎች ተጠቅሞ እንዲህ ያሉ ሴሎችን አሳይቷል። ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው መረጃ በኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል የሚያነሳ ማሽን) ወይም በኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካ መሣሪያ) ከውጭ የሚገመት ነው። ለምሳሌ እጃችንን ስናንቀሳቅስ የሚቀንስ አንድ የአንጎል ሞገድ አለ፤ ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅስ ስናይም ይቀንሳል።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። በ2004 ታንያ ዚንገር የምትባል ተመራማሪ 16 ጥንዶችን አጥንታ ነበር። ሴቷ ኤምአርአይ ውስጥ ትተኛለች፤ አንዴ የሷ እጅ በኤሌክትሪክ ይነዘራል፣ አንዴ አጠገቧ የተቀመጠው የወዳጇ እጅ። ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ጊዜ ነቃ። «የቱ ጋ ነው የነዘረኝ?» የሚለውን የሚለየው ክፍል ግን የነቃው የራሷ እጅ ሲነዘር ነበር። ስለዚህ የእናትሽን ቃጠሎ አይተሽ እጅሽን መሰብሰብሽ በሽታ አይደለም። ሕመሙ ምን ያህል እንደሚከፋ የሚያውቀው የአንጎልሽ ክፍል ነው የተነሳው።

ጭንቀትና ድባቴ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚረር ኒውሮንን ሥራ ለመለካት የተሞከሩ ጥናቶች አሉ። ውጤታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከዚያ ተነስቶ «ያንቺ በዝቷል» የሚል ምርመራ የለም። ይህን እመረምራለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ካለ እሺ እንዳትይ።

የታክሲው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። ሰውየው ምናልባት የቤት ኪራይ እያሰበ ይሆናል። አንቺ ስሜቱን አልገለበጥሽውም፤ ፊቱን እንደ ቁጣ አነበብሽው። ጭንቀት እንዲህ ያደርጋል። አደጋ የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ስለሚፈጥን ባዶ ፊትም ያስፈራል። በድባቴ ደግሞ ያው ባዶ ፊት ያዘነ ይመስላል። ይህ ይታከማል፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም። አማኑኤል ብቻ ነው እንዳትይ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

አንድ አባት፦

እኔ በሌላው ጫፍ የነበርኩ ሰው ነኝ። ድባቴ ይዞኝ ነበር።

ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። የሳለችውን ሥዕል ይዛ መጣች፣ እየሳቀች። በቢጫ እርሳስ የተሳለ ትልቅ ፀሐይ ነበር፤ እግር ሁሉ አውጥታለት። ፈገግ ልበል ብዬ ፊቴን አዘዝኩት፣ እምቢ አለኝ። እንደ ደረቀ ጭቃ ነበር። ትንሽ አይታኝ «አባዬ አኮረፍክ?» አለችኝ። ሥዕሉን አጣጥፋ ሄደች።

ያን ጊዜ «የፍቅር ሴልህ ሞቷል» የሚል ቪዲዮ ባይ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እንጃ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ስታካፍሉ አስቡበት፣ በፈጠራችሁ። ሕክምና ጀምሬ ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ጫማዋን በተቃራኒ እግሯ አድርጋ ስትመጣ ሳቅኩ። ሳልታዘዝ። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ከየት ይመጣል?

የገርጂዋ፦

ወንድሜ፣ ሥዕሉን አጣጥፋ ሄደች ስትል አለቀስኩ። እግዚአብሔር ያቆይልህ።

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። መድኃኒት ተሰጥቶኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አልለወጠኝም» ብዬ በራሴ አቆምኩት። ተመልሼ ብሄድ ሐኪሙ ይቆጣኝ ይሆን? ይህን እያሰብኩ ነው ሁለት ጊዜ ከበር የተመለስኩት።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ከጅማ፦

አየሽ፣ ሐኪሙን ገና ሳታይው ፊቱን ቋጥረሽበታል። ይሄም ያው የታክሲው ነገር ነው።

ሦስት ሳምንት ለብዙዎቹ መድኃኒቶች አጭር ነው፤ ለመሥራት ከዚያ በላይ የሚፈጅባቸው አሉ። ያቆምሽበትን ቀንና ያኔ የተሰማሽን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ለመናገር ከከበደሽ ወረቀቱን ስጪው። እናትሽም አብረውሽ ይሂዱ።