ፌስቡክን ትቼ ቴሌግራም ገባሁ፤ ጓደኞቼስ?

ጥያቄ፦ ፌስቡክን ከዘጋሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ከ600 ጓደኛ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት 11 ነው። አንዱ ደግሞ አከራዬ ነው! ትናንት የልብ ጓደኛዬ መውለዷን ከሰው ሰማሁ። አፈርኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለጊዜው ነው የዘጋኸው ወይስ አጠፋኸው? ካጠፋኸው 30 ቀን ካለፈ አይመለስም። ለጊዜው ከሆነ ግን ተመልሰህ ግባና መረጃህን አውርድ። የጓደኞችህ ስም ዝርዝር አብሮ ይወርዳል። ስልካቸው ግን የለበትም፤ እሱን በውስጥ መስመር አንድ በአንድ መጠየቅ ነው።

መልስ፦ 600ውን ተወው ባክህ። እኔ ስቀይር «አዲሱ ገጼ ይኸው» ብዬ ለጠፍኩ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ኋላ 20 ሰው መርጬ «ስልክሽ ያው ነው?» ብዬ ጻፍኩ። 17ቱ መለሱ። አንተ ግን መጀመሪያ ለወለደችው ደውል። እንዳትጽፍላት፣ ደውል!

ጠያቂው፦ ደወልኩ። «የሞትክ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሕፃኑ ከኋላ ያለቅሳል።