ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚፈጀውን ትክክለኛ ሰዓት ለማወቅ እገዛ እፈልጋለሁ

ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፍላችሁ። እናቴ በመጪው ሐምሌ ወደ ዋሽንግተን ትበራለች። የስኳር ሕመምተኛ በመሆኗና ኢንሱሊን ስለምትወጋ፣ ሐኪሟ ጉዞው በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ምግብ መቼ መቼ እንደሚቀርብ ጽፈን እንድናመጣ አዟል።

በቲኬቱ ላይ መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 08:00 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 እና ከጠዋቱ 2:00 መሆኑ ነው። በወረቀቱ ብቻ ከሄድን 9 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይሁንና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር አውሮፕላን ሳያርፍ ቢሄድ እንኳ 13 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ዋሽንግተን በሐምሌ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ይህን ስደምርበት 16 ሰዓት ተኩል አገኛለሁ። ትርፉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፦ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑም ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ ለመነሳት ስለሚከብደው በመንገድ አርፎ ይቀዳል። ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል።

ያልተፈታልኝ የመሐሉ ነገር ነው። በዚህ መስመር የሄዳችሁ፣ ነዳጅ ሲቀዳ መንገደኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ይጠብቃል ወይስ ይወርዳል? የመጀመሪያው ምግብ ከተነሳችሁ ከስንት ሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛውስ ከማረፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የቀረበላችሁ? ግምታችሁም ቢሆን ይጠቅመኛል።