ክርክር፦ «ልጁ ምን ይሠራል?» ሲባል «ፖከር» ብለን እንመልስ?

ታላቅ ወንድም

የካዛንቺስ ልጆች እንደምን ሰነበታችሁ። ሰፈራችን ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ብንበተንም ምክር የምጠይቀው ዛሬም እናንተኑ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከ12 ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት ላስ ቬጋስ ገባ። እዚያ እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች መጀመሪያ ካሲኖ ውስጥ ካርታ እየበወዘ ያድል ነበር። ከሰባት ዓመት ወዲህ ግን ማደሉን ትቶ ራሱ ተቀምጦ ይጫወታል። ሌላ ደመወዝ የለውም፤ እንጀራው ፖከር ነው። አሁን ሊያገባ አዲስ አበባ መጥቷል። የልጅቷ ቤተሰቦች ግንፍሌ ናቸው። እሑድ ሽማግሌ እንልካለን፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

«ልጁ ምን ይሠራል?» መባሉ አይቀርም። እናቴ «ሆቴል ይሠራል በሉ» ትላለች። አጎቴ «የግል ሥራ ማለት ይበቃል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «ፖከር ተጫዋች ነው ካላችሁ ሂዱ፣ ካላላችሁ ቅሩ» ብሎናል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ፖከር ሥራ ነው ወይስ ቁማር? ሰውም ሕግም እንደ ሙያ ሊቀበለው ይገባል? እኔ ሥራ ነው ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ ልቤ ግን አልረጋም።

የለገሃሯ

ቁማር ነው። ለምን እንደምል ልንገርህ።

አባቴ ጎበዝ ተጫዋች ነበር። ኮንከር ሲጫወት የወጣውን ካርታ ሁሉ በጭንቅላቱ ይይዛል፤ ማን ምን እንደሚጠብቅ ከፊቱ ያነባል። «እሱን የሚያሸንፍ የለም» ይባልለት ነበር። ደመወዝ በተቀበለ ቀን ከአንድ ቡና ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ይገባና በነጋታው ይወጣል። ሲቀናው በግ እየነዳ ይመጣል፤ ሳይቀናው የእናቴ ወርቅ ይወጣል። ወርቁ ሲያልቅ የቤታችን ካርታ ወጣ። በካርታ የቤት ካርታ ተበላ። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዕቃችንን በጋሪ ጭነን አክስቴ ዘንድ ገባን።

ወንድምህ ጎበዝ ነው አትበለኝ። ጎበዝ መሆኑን አልጠራጠርም። ያሸነፈው ገንዘብ ግን ከሰማይ አልወረደም፤ ከአንድ ሰው ቤት ነው የወጣው።

መምህሩ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ የደረሰባችሁ ያሳዝናል። ይሁን እንጂ ችሎታና ዕድልን እንለያቸው፤ ሒሳብ ስለማስተምር ይህ ነገር ሲደባለቅ ዝም ማለት አልችልም።

ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ፖከር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደለዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል። ከሁሉ የሚበልጠውን ጥንድ፣ ሁለት አስ፣ የመያዝ ዕድል ከ221 አንድ ነው። ሁለት አስ ይዘህ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ያለህን በሙሉ ብታስይዝ ከ100 ጊዜ 82 ጊዜ ያህል ታሸንፋለህ። የቀረውን ትሸነፋለህ፤ ምንም ሳታጠፋ። ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ከቆረጠ በኋላ የሚወስነው ነገር የለም፤ ፖከር ተጫዋች ግን በየእጁ፣ ማለትም ካርታ በታደለ ቁጥር፣ ይጣል ወይስ ይቀጥል፣ ስንት ያስይዝ ብሎ ይወስናል። ብዙ ሺህ እጅ ሲጫወት የካርታው ዕድል ለሁሉም እኩል ይሆንና የሚቀረው የውሳኔው ልዩነት ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ከአራት የታወቁ ባለሙያዎች ጋር ለ20 ቀን 120,000 እጅ ተጫውቶ አራቱንም አሸንፏል። ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ኮምፒዩተር ይህን አያደርግም።

ኦዲተሩ

ሕጉን ላምጣላችሁ፤ የሥራ ልምዴ እዚያ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ጊዜውን በውርርድ የሚተዳደር ሰው እንደ ነጋዴ ግብር መክፈል እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ሰውየው ፖከር እንኳ አልነበረም የሚጫወተው፤ የውሻ እሽቅድድም ላይ ነበር የሚወራረደው። ስለዚህ የልጁ ሥራ እዚያ አገር የግብር ሰነድ ላይ ስም አለው። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግን ጨክኖባቸዋል፤ ከ2026 ጀምሮ ከከሰሩት ውስጥ መቀነስ የሚችሉት 90 በመቶውን ብቻ ነው። በዓመት 100,000 ዶላር አሸንፎ 100,000 የተሸነፈ ሰው ምንም ሳያተርፍ 10,000 ዶላር እንዳገኘ ይቆጠርበታል።

በእኛ አገር ደግሞ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ «የዕድል ሙከራ» በሚል ስም ነው የመደበው፤ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ አሸናፊነት ላይ 15 በመቶ። ችሎታ አለው የለውም ብሎ አይጠይቅም። ሥራ ነው ከተባለ ወጪና ኪሳራ መያዝ አለበት፤ ዕድል ነው ከተባለ ከጥቅሉ ይቆረጣል። አዋጁ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

ከቸርችል ጎዳና

እናንተ ስለ ሕግና ስለ ኮምፒዩተር ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ጓደኞቼ ላውራ። ለሁለት ዓመት ቤቲንግ ቤት ቲኬት ስቆርጥ የኖርኩ ነኝ። ሁላችንም «እኛ እኮ በጥናት ነው የምንጫወተው» እንል ነበር። የቡድኖቹን ውጤት በደብተር እንጽፋለን፣ ኦድ፣ ማለትም ቢቀናን የሚከፈለንን እጥፍ፣ እናነጻጽራለን። ጥናቱ እውነት ነበር። ገንዘቡም ማለቁ እውነት ነበር።

በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ የዓለም ሻምፒዮና አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ይህን ታሪክ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ውድድር 839 ሰው ነበር፤ ባዶ እጃቸውን የወጡትን ማንም አይተርክልንም። ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ስቱ አንገርም በ1998 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ አንድ ርካሽ ማደሪያ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ የረባ ገንዘብ አልነበረውም። ከዚህ በላይ ችሎታ የነበረው ማን ነው?

የእኛ ሰፈር ልጅ «ፖከር ሥራ ነው» የሚል ሲሰማ የወንድምህን ሰባት ዓመት አይሰማም። እንደ ሙያ ይታወቅ መባሉን የምቃወመው ለዚህ ነው።

ታናሹ

ወንድሜ እዚህ እንዲያስገባኝ ስለፈቀዳችሁለት አመሰግናለሁ። የምትነጋገሩት ስለ እኔ ስለሆነ ኑሮዬን ልንገራችሁ።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። አንድ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ወገቡ ቶሎ ይሄዳል። ከዚያ የትናንቱን ደብተር አወጣለሁ፤ ቀን፣ የተቀመጥኩበት ሰዓት፣ የገባሁበት ገንዘብ፣ የወጣሁበት ገንዘብ፣ የተሳሳትኩበት እጅ። ሰባት ዓመት ሳላቋርጥ ጽፌዋለሁ። አመሻሽ ላይ እሄድና እስከ ንጋት እጫወታለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ዋናዎቹ የሥራ ቀኖች ናቸው። በሰዓት 30 እጅ ያህል ይታደላል። ጋሼ መምህር ያሉትን ቁጥር ብታሰሉት፣ ስምንት ሰዓት ተቀምጬ ሁለት አስ የማየው በቀን አንድ ጊዜ ያህል ነው። የቀረው መጣል ነው። ሥራዬ ምንድን ነው ብትሉኝ መጠበቅ ነው፤ ሳይሰለቹ፣ ሳይናደዱ፣ የተሸነፉትን ለማስመለስ ሳይቸኩሉ መጠበቅ። ስናደድ ተነሥቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ይህን ለመማር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቤቱ፣ ማለትም ካሲኖው፣ ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል። ስለዚህ ከጎኔ ካለው ሰው መሻል ብቻ አይበቃኝም፤ ቤቱ የሚቆርጠውን ጨምሬ መሻል አለብኝ። በአማካይ በሰዓት 25 ዶላር ገደማ ይቀረኛል። አማካይ ስላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ አንድ ዓመት ላይ አምስት ወር ሙሉ ተሸንፌያለሁ፤ 14,000 ዶላር። ያን ጊዜ ቀን ቀን መኪና እየነዳሁ ነው የቤት ኪራይ የከፈልኩት። ጡረታ የለኝም፣ የዓመት ፈቃድ የለኝም፣ ስታመም የሚከፍለኝ የለም። የጨዋታ ገንዘቤና የቤቴ ገንዘብ በሁለት ባንክ ነው ያለው፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከጨዋታው ገንዘብ ከ5 በመቶ በላይ አላስቀምጥም።

የጉዞዬን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። በየዓመቱ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮናው እዚያው ቬጋስ ይካሄዳል። ዋናው ውድድር መግቢያው 10,000 ዶላር ነው። የገባሁት አንድ ጊዜ፣ በ2024፤ 10,112 ሰው ነበር። ከመግቢያው ግማሹን አራት ጓደኞቼ አዋጥተውልኝ ባገኝ ሊካፈሉ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወጣሁ፤ የሚካፈሉት ነገር አልነበረም። ፕራግም ማራካሽም ለውድድር ሄጃለሁ። ማራካሽ አምስት ቀን ስቆይ ጀማ ኤል ፍና የሚባለውን አደባባይ እንኳ አላየሁትም፤ ያየሁት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሆቴልና አረንጓዴ ጨርቅ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ከማግኘቴ በፊት ደግሞ አንድ ኤምባሲ የአሠሪ ደብዳቤ አምጣ ብሎ መለሰኝ። የባንክ ሒሳብ ነበረኝ፣ ግብር የከፈልኩበት ወረቀት ነበረኝ፤ አሠሪ ግን አልነበረኝም።

እትዬ፣ ስለ አባትዎ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ሌሊት ከፊት ለፊቴ አንድ የአገራችን ሰው ተቀመጠ፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የያዘው የወሩ ኪራይ መሆኑ ገባኝ። ይህን ማንበብ ሙያዬ ነው። ተነሣሁ። «ና ቡና እንጠጣ» ብለው እምቢ አለኝ፤ ቀረ። በእሑዱ ቅዳሴ ላይ ከሌሊት ሥራ የወጡት ሾፌሮችና ካርታ አዳዮች አጠገቤ ቆመው እሱን በዓይኔ ፈለግሁት። አልመጣም። ንጹሕ ነኝ አልልም። ሥራ አይደለም ግን አትበሉኝ፤ ሰባት ዓመት ሠርቼዋለሁ።

የለገሃሯ

ወንድሜ፣ ስለጻፍከው አከብርሃለሁ። አባቴ እንዲህ አንድ ቀን ቢናገር ኖሮ ደስ ባለኝ።

ቢሆንም አንድ ነገር አስብ። ዳቦ ጋጋሪ ደንበኛው ነገም ሲመጣ ደስ ይለዋል። ልብስ ሰፊም፣ ሐኪም እንኳ ሕመምተኛው ድኖ ሲያመሰግነው ደስ ይለዋል። አንተ ግን ሰውየው ተመልሶ እንዳይመጣ ነበር የተመኘህለት። አንተ ስትነሣ ወንበርህ ላይ ሌላ ተቀመጠ። ደክመህበታል፣ ተምረህበታል፣ ግብር ከፍለህበታል። እኔ ሥራ የምለው ግን የሌላው ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ የማይጠቀም ነገር ነው።

መምህሩ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ በዚህ መስፈርት ብዙ ነገር ይወድቃል። መሬት አስቀምጦ ዋጋው እስኪንር የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ዶላር ደብቆ የሚያከማች አለ። የሌላው መቸገር ነው የሚጠቅማቸው፤ እነሱን ነጋዴ እንላቸዋለን፣ ልጃችንንም እንድርላቸዋለን። ፖከር ተጫዋች ቢያንስ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ለምን እንደመጣ ያውቃል።

ሆኖም ያነሣሽው እኔ ከጻፍኩት ቁጥር ጋር እንደማይነካካ አምናለሁ። እኔ ችሎታ መሆኑን ነው ያሳየሁት። መልካም መሆኑን አላሳየሁም።

ከፒያሳ

ለእኛ ለሙስሊሞች ክርክሩ አጭር ነው። ሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 ላይ ቁማር ከሚያሰክር መጠጥ ጋር አብሮ ተከልክሏል፤ ችሎታ ኖረው አልኖረው የሚለወጥ ነገር የለም። ልጁን ግን አንድ ነገር ላይ እደግፈዋለሁ። «ሆቴል ይሠራል» ተብሎ የተጀመረ ትዳር በውሸት የተጀመረ ነው። ቤተሰቡ እምቢ የማለት መብት አለው፤ እውነቱን ሳያውቅ እሺ እንዲል ማድረግ ግን ሌላ በደል ነው።

ኦዲተሩ

በዚህ እስማማለሁ። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ በሥራዬ የማምነው የተጻፈውን ነው።

ታላቅ ወንድም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከእናቴ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን፤ አለቀሰችም፣ ተቆጣችም፣ በኋላ ተስማማች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግንፍሌ እንገባለን። «ፖከር ተጫዋች ነው፤ ሰባት ዓመት በዚህ ኖሯል» እላለሁ። ስለ አምስቱ ወርም እናገራለሁ። የለገሃሯ እህቴ ያነሣችውን ባይጠይቁኝ እንኳ ራሴ አነሣዋለሁ፤ ለእሱ መልስ የለኝም፣ እንደሌለኝም እነግራቸዋለሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ የገዛት አንዲት ቤት አለች፤ ካርታዋ በልጅቷ ስም ብቻ እንዲሆን ተስማምቷል፣ ከሠርጉ በፊት።

የለገሃሯ

ደብተሩን ልጅቷ አይታዋለች?

ታላቅ ወንድም

እንደሚጫወት ታውቃለች። ደብተሩን ግን አላየችውም።

የለገሃሯ

እንግዲያው ሽማግሌ ከማየቱ በፊት እሷ ትየው። አምስቱን ወር በራሷ ዓይን ትቁጠር። እናቴ ይህን ዕድል አላገኘችም።

ታናሹ

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ እንገናኛለን። ይዤው እሄዳለሁ።