የሳምንቱ ምርጥና መናኛ፦ እያናደዳችሁ ያለን ድራማ ትጨርሱታላችሁ?

ባለሪሞቷ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? የዚህ ሳምንት ምርጤም መናኛዬም ሳልቸገር ነው የለየሁት፤ መሀል ያሉትን ረስቻቸዋለሁ።

ምርጡ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ጥቁርና ነጩ። አብዛኞቻችሁ እንዳያችሁት አውቃለሁ። እኔም አዲስ አልሆነብኝም፣ ግን በዚህኛው ዙር ታሪኩን ትቼ ካሜራውን ነው የተከተልኩት። አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት (በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ልጅ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ተራ ሰዎች)፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አልነሳ ያለ ቬንቲሌተር፣ በቃ። ፊልሙ 96 ደቂቃ ነው፤ ከዚያች ክፍል ወጣ የሚለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ሲጀምር ካሜራውን ከሰዎቹ ዓይን ከፍ አድርጎ ያቆመዋል፣ መሀል ላይ በዓይናቸው ትክክል ያወርደዋል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያያቸዋል። ሌንሱንም ወደ ረጃጅሞቹ እየቀየረ ስለሚሄድ ግድግዳው ጀርባቸው ድረስ የተጠጋ ይመስላል። ጣሪያው መታየት ሲጀምር እኔው ነኝ የታፈንኩት። ደግሞ ለሉሜት የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም ነው፤ ከዚያ በፊት የቴሌቪዥን ሰው ነበር።

አስሬ የምመልሳት ቦታ አለች። ልጁ ሲሸሽ አየሁ የሚለው ሽማግሌ ምስክር ከአልጋዬ ተነስቼ በር ላይ የደረስኩት በ15 ሰከንድ ነው ብሏል፤ ሰውዬው እግሩን የሚጎትት ነው። ከጁሪዎቹ አንዱን ሆኖ የሚጫወተው ሄንሪ ፎንዳ ወንበሮቹን አስጠግቶ፣ እግሩን እየጎተተ ክፍሏ ውስጥ ይራመዳል፤ አንዱ ሰዓት ይይዝለታል። 41 ሰከንድ! ማንም ንግግር አላደረገም፣ ሙዚቃ የለም። የሰዎቹ ሐሳብ የት ቦታ ላይ እንደዞረ ግን በጣቴ ላሳያችሁ እችላለሁ።

መናኛው ስምንት ክፍል ያለው የመርማሪ ድራማ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሚወደው ሰው እዚህ አይጠፋም። ልጅቷ ክፍል 1 ላይ ትጠፋለች፣ ይሁን። ክፍል 2 ላይ መርማሪው የልጅቷን ስልክ ያገኛል፣ ውስጡ ፎቶ አለ፣ ፎቶው ላይ የሚፈለገው ሰውዬ አለ። ከዚያ ክፍል 6 እስኪደርስ ለማንም አያሳይም! ለምን? ካሳየ ድራማው ስለሚያልቅ። የልጅቷ እህት «የምታውቀው ነገር አለ?» ስትለው ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናቡን ያያል። ፒያኖ። ከዚያ ያው የልጅነት ትዝታ፣ ዥዋዥዌ፣ በዝግታ፣ እንደገና። ፎንዳ በኪሱ ያለውን ቢላ እንዴት እንዳወጣው አስቡት፤ ጠረጴዛው ላይ ሰክቶት ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ አለ። ያኛው ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ቢላው ኪስ ውስጥ ሦስት ክፍል ይከርም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ክፍል 3 ላይ ጥሎኝ ተኛ። እኔ ግን በእልህ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ መጨረሻውም መጨረሻ አይደለም፣ የሁለተኛ ሲዝን ማስታወቂያ ነው። እናንተስ? የምታቆሙበት ቦታ አላችሁ ወይስ እንደኔ ናችሁ? የሳምንቱን ምርጥና መናኛችሁንም ጣል አድርጉ።

ሶፋው ጥግ፦
እኔ ክፍል 2 ሲያልቅ ስለ አንዱም ገጸ ባሕርይ የማልጨነቅ ከሆነ ደህና ሁኑ ብዬ እወጣለሁ። እልህ ለምን?

ምርጤ «ቼርኖቤል» ነው፣ የ2019ኙ። አምስት ክፍል ብቻ! መጨረሻው ላይ ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭ ችሎት ፊት ቀይና ሰማያዊ ካርዶች እየደረደረ ሪአክተሩ እንዴት እንደፈነዳ የሚያስረዳበትን አስታውሱ፤ የፊዚክስ ትምህርት ነው፣ እኔ ግን ጥፍሬን እየበላሁ ነው ያየሁት። ሙዚቃውን የሠራችው ሂልዱር ጉድናዶቲር ድምፆቹን የቀዳችው ሊትዌኒያ ውስጥ ሥራ ካቆመ የኑክሌር ጣቢያ ነው። ያ የሚያቃስት ነገር የእውነት ብረት መሆኑን ሳውቅ ይበልጥ ፈራሁት። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ እውነተኛው ሌጋሶቭ እዚያ ችሎት ላይ አልነበረም። ኡላና ኮምዩክ የምትባለዋ ሳይንቲስትም ብዙ ሰዎችን ለመወከል የተፈጠረች ናት፤ ለእሷስ ራሱ ድራማው መጨረሻ ላይ ይናገራል።

መናኛ የለኝም፤ ቶሎ ስለምወጣ።

ጨለማ ጠል፦
የኔ መናኛ ታሪኩ አይደለም፣ አለመታየቱ ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ዘንድሮ እንደ አዲስ ጀምሬ ስምንተኛው ሲዝን ክፍል 3 ደረስኩ። ማን ማንን እንደገደለ በድምፅ ነው የለየሁት። በ2019 ሲወጣ ሰው ሁሉ ሲጮህ የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ችግሩ ከተመልካቹ ቴሌቪዥን አስተካከል ነው ብሎ ነበር። ግማሽ እውነት አለው፤ መብራት አጥፍቼ፣ ቴሌቪዥኑ ክፍሉ ሲጨልም ብርሃን የሚቀንስበትን ነገር ዘግቼ ስመልሰው ተሻለ። ግማሹ ግን ተራ ሰው ቤት ስቱዲዮ እንዳልሆነ መርሳት ነው።

እግረ መንገዴን፣ @ባለሪሞቷ፣ ያንን የድሮ ፊልም በአዲስ ቴሌቪዥን ካየሽው እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፊው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ ቴሌቪዥኑ በመሀል የራሱን ፍሬም ፈጥሮ ይጨምርበትና ሁሉን ነገር የዜና ቀረጻ ያስመስለዋል። ቶም ክሩዝ ሳይቀር በ2018 እባካችሁ አጥፉት ብሎ ቪዲዮ ለቆ ነበር።

የቀድሞ ተመልካች፦
ልጄ፣ ጽሑፍሽን ወደድኩት፤ ግን አንድ ነገር እንዳይደባለቅብሽ። የተናደድሽው በርዝመቱ ይሁን በዝግታው አልለየሽውም። እኔ ሰሞኑን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሜ አየሁ፤ እ.ኤ.አ. የ1976 ሥራ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ። ገበሬዎቹ ሲያርሱ ካሜራው አይቸኩልም፤ በሬው እስኪዞር ይጠብቃል። ባለርስቱ ደጁ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ሲቆጣ፣ ሲያዝ ደጋግመሽ ታይዋለሽ። የመርማሪሽን ዥዋዥዌ ያህል ይደጋገማል ብል አላጋነንኩም። ግን በየዙሩ የምታይበት ዓይን ሌላ ነው፤ እብድ የሚሉት ከበበ የሚናገረውን ከሰማሽ በኋላ ያ ወንበር ቀድሞ ያየሽው ወንበር አይደለም።

ባለሪሞቷ፦
@የቀድሞ ተመልካች፣ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ዝግታውን ብቻውን አልጠላሁም። ዥዋዥዌው በተመለሰ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ቢያሳየኝ እታገሥ ነበር። ያ ግን ያው ቀረጻ ነው፣ ያው ፒያኖ። የኃይሌን ፊልም ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አላየሁትም፤ ለቅዳሜ ይዤዋለሁ።

@ጨለማ ጠል፣ አጠፋሁት። ወንድሜ ሲያልፍ አይቶ «ስክሪኑ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ፤ ለካ ለስላሳው ለምዶበት ነው። አሁን ሪሞቱን ማን ይያዝ በሚለው ክርክር ላይ ነን።

@ሶፋው ጥግ፣ አንተ በክፍል 2 ከምትወጣባቸው ውስጥ ክፍል 3 ላይ የሚያምር አይጠፋም። ቆይተህ ተመልሰህ የገባህበት አለ?

ሶፋው ጥግ፦
አንድ አለ። ግን ስሙን አልጠራም፤ የሚጠላው ሰው እዚህ አይጠፋም።