ጥቆማ፦ ለኃይል ምንጭነት የሚለማ ቋሚ ሣር፤ የትኛው ዝርያ፣ የትኛው የተከላ ግብዓት?

ጥያቄ
በ30 ሄክታር ላይ ለኃይል የሚሸጥ ቋሚ ሣር ለማልማት ታስቧል። ዝሆኔ ሣር፣ ሚስካንተስና ስዊችግራስ በአማራጭነት ቀርበዋል። ግብዓቱንና የአጨዳ አገልግሎቱን እያነጻጸራችሁ ብትጠቁሙን።

መልስ
ከሣሩ በፊት ገዢውን ይለዩ። የሚነድ ከሆነ ደረቅ አገዳ፣ ለባዮጋዝ ከሆነ ደግሞ ለምለም ሣር ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የምርት መጠን ብቻ አይተው ሲመርጡ ነው።

ሙቀትና ዝናብ ባለበት ዝሆኔ ሣርን የሚስተካከል የለም፤ በደንብ ከተያዘ በዓመት በሄክታር ከ20 እስከ 40 ቶን ደረቅ ምርት ይሰጣል። ነገር ግን ሲታጨድ ከ70 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። ፖታሲየምና ክሎሪንም ይበዛበታል፤ ቦይለር ውስጥ ሲገባ አመዱ ቀልጦ ይጋገራል፣ ክሎሪኑም ቧንቧ ይበላል። ስለዚህ የምመክረው ለባዮጋዝ ብቻ ነው። አገዳው ሳይጠነክር ይታጨድ፤ ከዘገየ ጋዙ ይቀንሳል። ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ተከትክቶ፣ አየር እንዳይገባው ተጠቅጥቆ ይገፈር፤ ማለትም ተከድኖ እንዲብላላ ይቀመጥ። ከባዮጋዝ ማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ወደ ማሳው ካልተመለሰ መሬቱ በጥቂት ዓመት ይደክማል።

ለተከላ ከጎለመሰ አገዳ 3 አንጓ ያለው ቁራጭ ይቆረጣል፤ 2ቱ አንጓ ተቀብሮ፣ ዘመም ብሎ ይተከላል። በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 50 ሳ.ሜ. ከሆነ ለሄክታር 20,000 ቁራጭ ይፈልጋል። ዓይኑ ወደ ላይ መዞሩን የሚከታተል ሰው ይኑር።

መልስ
ለምድጃ ከሆነ ሚስካንተስ። በብዛት የሚለማው ዲቃላ መካን ስለሆነ ዘር አይሰጥም፤ የሚተከለው ሪዞሙ፣ ማለትም ከመሬት በታች የሚሄደው ግንድ ነው። ሲረከቡ ጥቂት ቁራጮች ሰንጥቀው ይዩ። ጠንካራ፣ ውስጡ ነጣ ያለና ቢያንስ 2 ወይም 3 ዓይን ያለው ይሁን። ቡናማ ሆኖ የላሸቀውን አይቀበሉ። ፀሐይ ላይ የዋለ ሪዞም ከውጭ ደህና መስሎ ይሞታል፤ እስኪተከል ድረስ እርጥበቱን ጠብቆ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ።

ለሄክታር ከ16,000 እስከ 20,000፣ ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ. ጥልቀት፤ ወዲያው በሮለር ይዳመጥ። ክፍተት በራሱ አይሞላም፤ ተክሉ ቀስ ብሎ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ የተከላ አገልግሎት ሲዋዋሉ የበቀለው ተቆጥሮ የጎደለው እንዲተካ ይጻፍ። በችግኝ መትከል ወጥ ማሳ ይሰጣል፤ ውድ ነው፣ ከተከላ በኋላም ውኃ ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት አረም ካሸነፈው ማሳው አይነሣም። ሥር ሰዳጅ አረም ከተከላ በፊት መጥፋት አለበት። ሙሉ ምርት ከ3ኛው ዓመት በኋላ ይደርሳል፤ በመካከለኛ አየር ጠባይ በሄክታር ከ10 እስከ 15 ቶን ደረቅ ምርት ይጠበቃል፣ ማሳውም ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል።

መልስ
የመነሻ ገንዘብ ካጠረ ስዊችግራስ ይሻላል፤ በዘር ይዘራል። ግን ዘሩን በጆንያ ክብደት አይግዙ። ንጽህናው 90 በመቶ፣ ብቅለቱ 70 በመቶ ከሆነ ለዘር የሚውለው 63 በመቶው ብቻ ነው። ለሄክታር 8 ኪሎ ንጹሕና ሕያው ዘር ለማግኘት 12.7 ኪሎ መግዛት ማለት ነው። አዲስ የተሰበሰበ ዘር እንቅልፍ ስላለበት ሕያው ሆኖም ላይበቅል ይችላል።

ከ1 ሳ.ሜ. በላይ አይቅበሩት። አፈሩ የጫማ ኮቴ እምብዛም የማይሰምጥበት እስኪሆን ይዳመጥ። በዘራችሁበት ዓመት ናይትሮጅን አትስጡ፤ የሚቀለበው አረሙ ነው። አላሞና ካንሎ የተባሉት የስዊችግራስ ዝርያዎች ብዙ ያመርታሉ፣ ብርቱ ብርድ ግን ይጎዳቸዋል፤ ለቀዝቃዛ ቦታ ኬቭ ኢን ሮክ የተባለው ዝርያ ይመረጥ።

አጨዳን በተመለከተ፣ ሚስካንተስም ስዊችግራስም ውርጭ ካለፈባቸው በኋላ ደርቀው ቢታጨዱ ይመረጣል። ንጥረ ነገሩ ወደ ሥር ይመለሳል፣ ዝናብም ፖታሲየሙን ያጥባል፤ የቅጠሉ መርገፍ ክብደት ቢቀንስም ለምድጃ ጥራቱ ያካክሰዋል። ገዢው ቅርብ ከሆነ ከትክቶ የሚጭን ማሽን፣ ሩቅ ከሆነ ጠቅጥቆ የሚያስር ይከራዩ፤ የተከተከተ ሣር መኪናውን የሚሞላው በአየር ነው። ምላጩ ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ይበል፤ አፈር ከገባ አመድ ይጨምራል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ የታሰረ ክምር ይሻግታል፣ ከውስጥ ግሎም እሳት ሊነሣ ይችላል።

ጥያቄ
ሚስካንተሱን በኋላ ማንሣት ቢያስፈልግስ?

መልስ
ከአጨዳ በኋላ አዲሱ ቅጠል ሲለመልም ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም ይረጫል፤ መድኃኒቱ ወደ ሪዞሙ እንዲወርድ ጊዜ ሰጥተው መሬቱን ያርሱ። ደረቅ አገዳ ላይ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። በማግስቱ ዓመት የተረፈው ስለሚያቆጠቁጥ ቀጣዩ ሰብል ሰፊ ቅጠል ያለው ይሁን፤ ሣር ብቻ የሚያጠፋ ፀረ አረም ያኔ ይሠራል።